በርበሬ የሌለበት ስንቅ

ሾፌሩ የምሥራች የነገረኝ መስሎት ነበር። መኪናውን ግቢያችን በር ላይ አቁሞ፣ የፊቱን አቧራ እንኳ ሳይጠርግ፣ ባዶ ጣሳዎቼን በኬሻ አንጠልጥሎ ገባና «እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው፤ እንደዚያ ያለ አልጫ ከተወለድኩ በልቼ አላውቅም» አለኝ።

እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ቀና አልኩ።

«አንተ ነህ የበላኸው?»

«ሁላችንም ነና። ካንጋተን እንደ ደረስን ትልቁን ድስት ጣድን፤ ያን በረዶ የሠራውን ሁሉ ገለበጥንበት። አልጫነቱ ትንሽ ከበደን እንጂ ሚጥሚጣ ነስንሰን ስንበላው፣ ምን ልበልዎ፣ አስተርጓሚው ሳይቀር ጣቱን ላሰ።»

«እሱስ?»

«ጋሼ? እሳቸው ናቸው እንጂ እንብላ እንብላ እያሉ የጋበዙን።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩት። አፌ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጥኩት፤ ሰው መርገም ኃጢአት ነው። ያ ምግብ የግማሽ ወር ስንቅ ነበር። እያንዳንዱ ጣሳ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ተብሎ የተለካ። ያ አንድ ሰው ባለቤቴ ነው፤ ጨጓራው ቆስሎ ደም ያስተፋው ሰው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ከሥልሳ ስድስቱ ለውጥ በኋላ ጂንካ ሲመደብ ተከትዬው ወረድኩ። እናቴ «ምድር ካለቀ በኋላ ያለ አገር ነው አሉ» ብላ አልቅሳ ሸኘችኝ። ምድሩስ አላለቀም ነበር፤ እንዲያውም ለምለም ነው። ቅዳሜ ገበያ ከገዘር በኩል የሚወርዱት የአሪ ሴቶች ጎመኑን፣ ጎደሬውን፣ ገብሱንና ቡላውን ተሸክመው ሲመጡ እዚያ አገር የጠፋ የምግብ ዓይነት የለም። ያለቀው ዘመድ ነው። ሰው ሲታመምብሽ «ምን ላድርግ» ብለሽ የምትጠይቂው የሥጋ ዘመድ የለም።

ባለቤቴ የታመመው ካንጋተን ከተመደበ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የከብት ደስታ በሽታ ክትባት ዘመቻ ነበር። ስሙን ደስታ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥራው መንጋ መጨረስ ነው። ቡድኑ፣ ባለቤቴ፣ ሾፌሩ፣ ሁለት ከታቢዎችና የዚያው አገር ሰው የሆነ አስተርጓሚ ማለት ነው፣ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ይወርድና ኦሞን በጀልባ ተሻግሮ እዚያ ይሰነብታል። የሚበሉት ሽሮ ነው፤ ሽሮው እንዳይበላሽ በርበሬው ይበዛል። ሽሮ በበርበሬ፣ ቋንጣ በበርበሬ፣ በሶውም በበርበሬ። ባለቤቴ ሆዱን ይዞ መቀመጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ አስመለሰው፣ ቀጥሎ ያስመለሰው ጠቆረ። አርባ ምንጭ ወሰድኩት። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቡናና አረቄ እንዳይነካ፣ ለስላሳ ነገር ትንሽ ትንሽ እያደረገ ቶሎ ቶሎ እንዲበላ፣ ወተትም እንዲጠጣ ነገረን። «ካልተጠነቀቀ አንድ ቀን ይፈነዳና አይደረስበትም» አለኝ፣ እሱን ሳይሆን እኔን እያየ። ሐኪሞች ሁልጊዜ ሚስትን ነው የሚያዩት።

ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱን «አልሄድም» ማለት አይችልም። በዚያ ጊዜ ምድብህን እምቢ ማለት ማለት ምን ማለት እንደነበር የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የቀረው መንገድ ምግቡን እኔ እዚህ ሠርቼ እዚያ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ግን በርበሬና ጨው ያልበዛበት ምግብ በዚያ ሙቀት ቀይ አፈርን ሳያልፍ ይሸታል።

መላው የተገኘው ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ነው። ክትባቱ የሚቀመጥበት በላምባ የሚሠራ ትልቅ ፍሪጅ ነበር። ከታች እሳት እየነደደ ከላይ በረዶ የሚሠራ ነገር። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ አማትቤያለሁ። መጋዘኑን የሚጠብቁት የመንዝ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሾፌሩ ባለቤቴን ጋሼ እንደሚለው እኔ ደግሞ እሳቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ላምባውን የሚስበውን ክር በምላጭ እየከረከሙ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ጎንበስ ብለው እያዩ፣ ፍሪጁን እንደ ጥገት ላም ነበር የሚይዙት። ቢጫ ነበልባል ካዩ ያን ቀን ማንንም አያናግሩም።

«ጋሼ፣ ክትባቱ ከሄደ በኋላ ላይኛው በረዶ ቤት ባዶ አይደለም?»

«ባዶ ነው። ምን ልታስገቢ ነው?»

«ምግብ።»

«የመንግሥት ፍሪጅ ነው እኮ ልጄ።»

«ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

ነበልባሉን ጎንበስ ብለው አዩና «ከክትባቱ ሳጥን ጋር ግን አይጫንም፤ የራሱ ሳጥን ይኑረው» ብለው ፈቀዱ። ካንጋተንም አንዲት ትንሽ የላምባ ፍሪጅ ስለነበረች፣ በረዶው ሳይሟሟ ከደረሰ እዚያ ይሰነብታል ማለት ነው።

እንግዲህ እንዴት እንደደከምኩ አሁን ፍሪዘር ያላቸው ልጆች አይገባቸውም። የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም። ድንች አልጫ አስቀመጥኩ፤ በረዶው ሲለቀው ድንቹ ውሃ ተፍቶ እንደ ሰፍነግ ሆነ። ካሮቱና ዱባው ግን ደህና ወጡ። ምስር በነጭ ሽንኩርትና በእርድ ብቻ ሠርቼ ፈተንኩት፤ እንዲያውም የተሻለ ሆነ። ጎመን አጥንቱን አውጥቼ ቀቀልኩ። የቡላ አጥሚቱን ከነወተቱ ሳደርገው ተቆራረጠ፤ ቡላውን ለብቻው አጥብቄ ማስቀመጥ፣ ወተቱን ሲያሞቁት መጨመር እንደሚሻል ከዚያ ተማርኩ። የዱቄት ወተት ጣሳዎች ከየጎረቤቱ ለምኜ አጥቤ በፈላ ውሃ ቀቀልኩ። የመጀመሪያዎቹን አፋቸው ድረስ ሞልቼ ነበር። ጋሼ በማግስቱ ሲከፍቱ ምግቡ አብጦ ክዳኑን ወርውሮት አገኙ። «ልጄ፣ ምግብሽ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቷል» ብለው መጡ። ከዚያ ወዲያ ከላይ ሁለት ጣት ባዶ እተው ነበር።

በዚህ መካከል የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። ድስት ጥደሽ «የሴቶች ንቃት» ብለው ያስወጡሻል። ስመለስ ምስሩ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ፍቄ ጥዬ እንደገና እጀምራለሁ። ላምባውም በወረፋ ነው። የፍሪጁ ላምባ ሲያልቅ ጋሼ ከቤታቸው የኩራዛቸውን ላምባ አምጥተው ይጨምሩ ነበር፤ ሌሊቱን እሳቸው በጨለማ ያድራሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሄደውን ምግብ ነው እንግዲህ ሾፌሩ «ጣታችንን ላስን» ብሎ የነገረኝ።

ባለቤቴ ለዕረፍት ሲመጣ ዘወርወር አድርጌ ጠየቅኩት አይባልም፤ ፊት ለፊት ነው የጠየቅኩት።

«ለምን ሰጠሃቸው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሰው ቁጭ ብሎ እያየኝ ጣሳዬን ታቅፌ ልብላ?»

«አዎ፣ ታቅፈህ ብላ። መድኃኒት ነው። መድኃኒትህንስ እንብላ ትላለህ?»

«መድኃኒት ሌላ፣ እህል ሌላ።»

ይህችን ንግግር ስንት ዓመት እንዳኘኳት። እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር ለአንድ ሰው ተብሎ የሚሠራ እህል የለም። የአራስ ገንፎ እንኳ የአራሷ ነው ይባላል እንጂ ጠያቂው ነው የሚጨርሰው። አንድ ሰው ሲበላ የገባ ሰው ካልቀመሰ ወይ ተጣልቷል ወይ ጠርጥሯል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ግን ሐኪሙ ያየው እኔን ነው።

ሌላ ብልሃት ፈጠርኩ። ለቡድኑ የራሳቸውን ስንቅ ማዘጋጀት። ቋንጣውን፣ ድርቆሹን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ አዋዜውን ሳይቀር በአንድ ኬሻ ሞልቼ «ይህ የእናንተ ነው፤ ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳ የሱ ነው» አልኩት ሾፌሩን። ደመወዛችን በዚያ ወር ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ደስ ብሎታል።

«እትዬ፣ በርስዎ ቤት ሠርግ ነው እንዴ? የኛንም የሳቸውንም በአንድ ትሪ አቀረብነው። ቋንጣው ከአልጫው ጋር እንዴት እንደሚሄድ።»

«ቀይ ክሩን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ፈትቼ ለመኪናው መስታወት አሰርኩት፤ ያምራል።»

«አንተ ሰው፣ ባለቤቴ ቢሞት በማን ይሆናል?»

ፊቱ ተለወጠ። የተቀየመ መሰለኝ። «እትዬ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ጋሼን እኛ መሐል ቁጭ ብለው ለብቻቸው ሲበሉ ማየት እኛስ እንችላለን? ሰው ምን ይላል? ሰስተው ነው ይላል። እሳቸው ሰስተው አያውቁም።» ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛም እኮ ስለምንወዳቸው ነው» አለኝ። ጣሳዎቼን ተቀብዬ ገባሁ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እንዲያወግዙልኝ ለመንኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዶ ነበር። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አስረዳሁ።

«ልጄ፣ እንዳይሰርቁ ላወግዝ እችላለሁ፣ እንዳይጣሉ ላወግዝ እችላለሁ። እህል ተካፍላችሁ አትብሉ ብዬ እንዴት አወግዛለሁ? መጽሐፉ ምን ይላል?»

መጽሐፉ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ለዚያ ነው የተናደድኩት።

ጎረቤቴ የሱቅ ነጋዴ ሚስት፣ ሙስሊም ነበረች። ከወሎ ነው የመጣችው፤ ሩቅ አገርነቱ አቀራርቦን እህትማማች ሆነናል። አንድ ቀን እንዲህ ስበሳጭ ሰምታ ሳቀች።

«ቆይ፣ ሁዳዴያችሁ ሊገባ አይደል?»

«ሊገባ ነው።»

«ሾፌርሽ ይጾማል?»

«እንዴት አይጾም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ አይቀምስም።»

«እነዚያ ከታቢዎቹስ?»

«ሁለቱም።»

«ታዲያ የፍስክ ምግብ ላኪለት። ማን ይነካዋል?»

እሷ ለቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ቁጭ ባልኩበት ብርሃን የታየኝ መሰለኝ። ባለቤቴ እንዳይጾም ከንስሐ አባታችን ተፈቅዶለታል፤ በሽተኛ ነው። የቀሩት አፋቸው በጾም የታተመ ነው። ወተትና እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ ያለበትን ጣሳ ማንም ክርስቲያን እንብላ ቢባል እንኳ እጁን አይዘረጋም። ሐኪሙም የፈለገው ይህንኑ ነው። እኔ ክር ሳስር፣ ሳስጠነቅቅ፣ ሳለምን ያልቻልኩትን ጾም ይጠብቅልኛል። እግዚአብሔር በዚህ በኩል ሊረዳኝ ነው ብዬ ሰግጄ አመስግኛለሁ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ዶሮ ማን ያርድልሻል? ሴት አታርድም። የጎረቤቴ ባል ሊያርድ ይችላል፤ ግን የሱን እጅ ባለቤቴ አይበላውም። ጋሼን ለመንኳቸው። መጀመሪያ የፍሪጁን ክር ልከርክም ብለው ሄዱ። በመጨረሻ መጥተው በስመ አብ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው አረዱና እጃቸውን በአመድና በውሃ እየፈተጉ ታጠቡ። ላባውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሽታው ግን አይቀበርም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «አንዳንዱ ሰው ነጠላውን ነጭ ያደርጋል፣ ምጣዱን ግን ቅባት» ስትል ሰማሁ። ለኔ እንደሆነ አውቄ ሰላምታ ሰጠኋት። አልቅሼ ገባሁ።

ደግሞስ መቅመስ የት አለ? እኔ ጾመኛ ነኝ፤ የምሠራውን አልቀምሰውም። እንቁላሉንና በቅቤ ያጠበቅሁትን ቡላ ጎረቤቴ እየመጣች ትቀምስልኛለች። «ጨው ጣል አድርጊ፣ በቃ፣ በቃ» ትለኛለች ከደጃፉ ቆማ። የዶሮውን መረቅ ግን እሷም አትነካውም፤ እኛ ያረድነው ነውና። ስለዚህ መረቁን የቀመሰው አንድም ሰው የለም። ጨውን በእጄ ገምቼ፣ አሽትቼ፣ ጸልዬ ጨመርኩ።

ጋሼ ደግሞ በመጋዘኑ በር ቆመው አላስገባ አሉ።

«ዶሮ እረዱልኝ አልሽ፣ አረድኩ። አሁን በሁዳዴ እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ዶሮ ሊያድር ነው?»

«ጋሼ፣ የሚጾመው ሰው ነው። ፍሪጁ እንደሆነ ቀን ከሌሊት ላምባ ሲጠጣ ነው የሚውለው።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ግን ላይኛውን በረዶ ቤት በጨርቅ ጋርደው ነው የሰጡኝ፤ ጨርቁን ያሰሩት እንዳያዩት ይሁን እንዳያያቸው አልጠየቅኩም።

ሾፌሩ ሲጭን፣ «እትዬ፣ ይሄ የፍስክ ነው?» አለ።

«አዎ፣ የፍስክ ነው። እንዳትነካው።»

«እኔ? በዐቢይ ጾም?» ደረቱን ነፋ። «እንኳን ልበላው ሳጥኑን በጨርቅ ይዤ ነው የማወርደው።»

በዚያ ሱባዔ ልቤ አርፎ ጸለይኩ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ ለኃጢአቱ ነው፤ እኔ ስሰግድ ትሪው ላይ ለብቻው የሚቀመጠው ባለቤቴ ይታየኝ ነበር። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ልክ እንደ ሐኪሙ ቃል።

መኪናው ከቀኑ በፊት ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ እየሳቀ አልገባም። ባለቤቴ ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ከንፈሩ እንደ ጨርቅ ነጥቷል። ከካንጋተን እስከ ጂንካ ደም ሲያስመልስ መጥቷል። በሩን ሳልቆልፍ ከጎኑ ገባሁና ወደ አርባ ምንጭ ተጓዝን። መንገድ ላይ ውሃ በጨርቅ እያረጠብኩ ከንፈሩን እየነካሁ ሾፌሩን ጠየቅኩት።

«በላችሁት?»

«እትዬ፣ አልነካነውም። ታቦት ምስክሬ ነው።»

«ታዲያ?»

«እሳቸውም አልነኩትም።»

ቀስ በቀስ አወጣው። የደረሱ ዕለት ባለቤቴ አንዱን ጣሳ አሙቆ ሊቀመጥ ሲል፣ እነሱ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ሽሮ ቀርቦላቸው ነበር። ቆመና አያቸው። «እናንተ ጾም ውላችሁ እኔ በመካከላችሁ ዶሮ ልበላ?» አለ። ጣሳውን ለአስተርጓሚው ሊሰጠው ቢል አስተርጓሚው «እኔ ወፍ አልበላም» አለው፤ በእነሱ ዘንድ ዶሮም ወፍ ነው፣ አይበላም። ያን ጊዜ ቡላውንና እንቁላሉን ለአስተርጓሚው ቤት ልጆች ላከ፤ ዶሮዎቹን ፍሪጁ ውስጥ መለሰና እጁን ታጥቦ ከእነሱ ትሪ ሽሮውን በላ። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን።

«ዝም አላችሁት?»

«ምን እንበላቸው እትዬ? ከኛ ጋር ሲጾሙ ደስ አለን እኮ።»

ይህን ሲለኝ መኪናው ቁልቁለት ይወርድ ነበር። ጨርቁን እንደገና አርጥቤ የባለቤቴን ከንፈር ነካሁ። ለካስ ጾሙ አጥር አልሆነኝም። ያለፈው ጊዜ አብረውት እየበሉ ነው የነጠቁት፤ አሁን ደግሞ አብረውት ባለመብላት። ሰው እያየው ብቻውን መብላት ካሳፈረ፣ ሰው ሲጾም ብቻውን መብላትማ እንዴት ያለ ነውር ነው። ይህን ማወቅ የነበረብን ሁላችን ነን፤ ቄሱም፣ ጋሼም፣ ያቺ የወሎዋ እህቴም። አንድም ሰው አላሰበውም።

ባለቤቴ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከጨጓራው የተወሰነውን ቆርጠው አወጡ። እንደ ቸርነቱ ተረፈ። ሲሻለው፣ ገና ሾርባ በማንኪያ እየሰጠሁት፣ «ለምን አልበላኸውም?» አልኩት።

«በላሁ» አለኝ።

«ሾፌሩ አልበሉም ብሎኛል።»

«ሾፌር ምን ያውቃል? በላሁ አልኩሽ። ዶሮው ጥሩ ነበር።» ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ጂንካ ስመለስ ሳጥኑ ከካንጋተን ተመልሶ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት። የዶሮው ጣሳዎች ሁሉም ባዶ ናቸው፤ ታጥበው፣ በአሸዋ ተፈትገው፣ አንዱ ባንዱ ተሰክተው። ሾፌሩን ጠየቅኩት፤ እሱ አላጠበም፣ ማን እንዳጠበም አላየም። ከታቢዎቹ ጾመኞች ናቸው። አስተርጓሚው ወፍ አይበላም። ታዲያ ያን ሁሉ ዶሮ ማን ጨረሰው? ሲበላሽ ኦሞ ውስጥ ደፉት? ወይስ ባለቤቴ ሰው ሲተኛ፣ ወይ ጠዋት ሰው ከብት ሊከትብ ሲሄድ፣ ፍሪጁ ጀርባ ቁጭ ብሎ ቀዝቃዛውን በላው?

ከታቢዎቹ ወደየአገራቸው ተዛወሩ። ከመካከላቸው አንደኛው ስለ ባለቤቴ ለሌላ ሰው «ጋሼን ወንዙ ዳር ከቆመው መኪና ኋላ ጎንበስ ብለው አየኋቸው፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ተመለስኩ» እንዳለ ከብዙ ጊዜ በኋላ በወሬ ደረሰኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኛም ወደ ሰሜን ተመለስን። ባለቤቴ በራሱ ቤት፣ በራሱ ገበታ፣ ከእኔ ጋር አልጫ እየበላ ዓመታት ኖሮ በሌላ ሕመም ዐረፈ። እኔም በርበሬ ቤቴ አላስገባሁም፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም አልጫ ይበላል። በየጊዜው እጠይቀው ነበር፤ እሱ «በላሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረም። ደጉ ሰው ለኔ ብሎ ይዋሽ እንደሆነ፣ ወይ ለነሱ ክብር ብሎ ተደብቆ በልቶ እንደሆነ፣ ይዞት ሄደ።

በዚያ ሁዳዴ ካንጋተን፣ ያ ፍሪጅ አጠገብ የነበራችሁ፦ አልቀየምም፣ ከማንም ጋር አልጣላም፣ ጊዜው አልፏል። ሾፌሩም ቢሆን በሕይወት ካለ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። አስተርጓሚውም፣ ከታቢዎቹም፣ ቡላውን የበላችሁት የዚያን ጊዜ ልጆችም ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። ዶሮው ተደፍቶ ከሆነ ተደፋ በሉኝ። ባለቤቴ ለብቻው ቁጭ ብሎ ሲበላ ያየው ሰው ካለ ግን፣ አንዲት ጉርሻም ብትሆን፣ እባካችሁ ሳልሞት አድርሱኝ።